ለከባድ የሸክላ ማጫወቻ የቱ ምንጣፍ ይሻላል?

የሸክላ ማጫወቻችሁ ሳህን (ሸክላውን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ከባድ ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ፣ በሳህኑና በሸክላው መካከል የሚነጠፈውን ምንጣፍ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ምንጣፉን አንሱና የሳህኑን ጠርዝ በጣታችሁ አንጓ ኳ አድርጉት። እንደ ደወል እያስተጋባ ከቆየ ያ ንዝረት በመርፌው በኩል ዘፈኑ ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ጎማ የሚያህል የለም። ከበድ ብሎ ሳህኑ ላይ ልጥፍ የሚለውን ምረጡ፤ ኳታውን ዝም ያሰኘዋል። ስስ የጨርቅ ምንጣፍ አልመክርም። ደሴ ላይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ሸክላውን ስታነሱ አብሮ ተለጥፎ ይመጣል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ጎማ ካጣችሁ ቆዳም ደህና ነው። እኔ ደሴ ጫማ ሰሪ ጋ ሄጄ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ፣ ስፋቱን 29 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በክብ አስቆረጥኩ። መሃሉንም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስወጣሁት። ሸክላው ወረቀቱ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ወፈር ስለሚል፣ ክፍተት ካላገኘ ደልደል ብሎ አይተኛም። አሁን አምባሰል ሳደምጥ የማሲንቆው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ አዲሱ ምንጣፍ ከድሮው ከወፈረ የመርፌውን ክንድ በዚያው ልክ ከፍ አድርጉት። ሸክላው ላይ ሲያርፍ ክንዱ አግድም መሆን አለበት።