ጥርት ያለውን ችግር ብዥ ካለው እንዴት መለየት ይቻላል?

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ዳር የደረሰውን ሰው እንቆቅልሽ ልጅ ሆኖ ያልሰማ ጥቂት ነው። ጀልባዋ ከእሱ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች፤ ነብርና ፍየል፣ ወይም ፍየልና ቅጠል ብቻቸውን አይተዉም። መልሱ ሰባት ጉዞ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው የተሻገረችውን ፍየል መልሶ ማምጣት ስለማይታየው ነው። መነሻው፣ የሚፈቀደውና መድረሻው ሁሉ የታወቀ ስለሆነ ችግሩ ጥርት ያለ ነው። «ቤቱ ጠበበን» ግን እንዲህ አይደለም። እኛ ቤት ለወራት ተባለ፤ እኔም ነገሩን የተረዳሁ መስሎኝ ደላላ ማነጋገር ጀምሬ ነበር።

1. ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አሁን ያለው ሁኔታ ምንድን ነው? ምን ማድረግ ይቻላል? መፈታቱን በምን አውቃለሁ? ሦስተኛው ላይ ከተደናቀፋችሁ ችግሩ ብዥ ያለ ነው። ሁሉም መልስ ካገኘ ወሬ አታብዙ፤ ጎማ ሲፈነዳ ይቀየራል እንጂ ጉባኤ አይጠራም።

2. የሚመለከታቸውን ሰዎች ለየብቻ አነጋግሩ። እኔ በዚህ ዘግይቻለሁ። ልጄ «ጠበበን» የምትለው የቤት ሥራ የምትሠራበት ጠረጴዛ ስላልነበራት ነው። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ የሚሰጣው ልብስ መረራት። እናቴ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ታፍራለች። ሦስቱም የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ ችግሩ ግን ሦስት ነበር፤ ደላላው የሚፈታው አንዱንም በትክክል አይደለም።

3. ከብዥታው ውስጥ የሚለካ ቁራጭ አውጡ። እኛ ከልጄ ጠረጴዛ ጀመርን። ሜትር አምጥተን ስንለካ ከቡፌው ጎን የተረፈው ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው 90 ነው። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ወንዙ እንቆቅልሽ ሆነ፦ የትኛው ዕቃ ቀድሞ ይነሳል?

4. ሞክሩ፤ ግቡን ደግማችሁ ለመጻፍም ተዘጋጁ። ቡፌው ወደ ጓዳ ሲገባ ጠረጴዛው ልክ ገባ፤ እናቴ ግን ተቀየመች። ስኒዎቿና ብርጭቆዎቿ ለእንግዳ መታየት ነበረባቸው፤ ይህንን በሜትር አልለካነውም። ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ከተማ ፕላን ሲጽፉ፣ እንዲህ ያለ ችግር የተሻለና የከፋ መፍትሔ እንጂ ትክክልና ስህተት የለውም፣ የት ላይ እንደሚቆምም ራሱ አይነግርም ብለዋል። ስለ አውራ ጎዳና የተባለው ለቡፌም ይሠራል።

5. የት እንደምታቆሙ ራሳችሁ ወስኑ። የልብሱን ነገር ለክረምት አስተላለፍነው። ቡፌው አሁን ሳሎን ተመልሶ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ቆሟል፤ በሩ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። እናቴም ልጄም ተስማምተውበታል፤ እኔ በጎን እገባለሁ።