ከጥምቀት ማግስት ቤትና ቢሮን ወደ መስመር መመለስ፤ ለድሬ ሰው

ድሬዳዋ ላይ የበጋው በዓል አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው እንግዳ ቤታችን ያርፋል፤ ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላና ሚካኤል። ለቁልቢ የመጣች አክስት «ገናንም አብሬያችሁ ልዋል» ካለች ታቦት ሳትሸኝ አትሄድም፤ እኛም እንድትሄድ አንፈልግም። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ጥምቀት ሰኞ፣ ሚካኤል ማክሰኞ ስለዋሉ ሁሉም ሰው ወደ ሥራው ተጠቃሎ የሚገባው ረቡዕ ጥር 13 ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ረቡዕና ከእሱ ቀጥለው ለሚመጡት ሳምንታት ነው።

የምኖረው ሳቢያን ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤት ደግሞ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ አሉ። ብዙ ሰው ከበዓል በኋላ ከራሱ ይጀምራል፤ ቤቱን ያጥባል፣ ይተኛል፣ ድካሙን ያወጣል። እኔ የማምነው በሌላ ቅደም ተከተል ነው፦ እጃችሁ ላይ ያለ የሰው ነገር ይቅደም። ድስቱም፣ ገንዘቡም፣ ቀጠሮውም፣ ተረኝነቱም። የራሳችሁ አቧራ እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። እናንተ ጋ የተቀመጠ የሰው ነገር ግን ባለቤቱን ሥራ ያስፈታል።

መጀመሪያ ዕቃውን መልሱ

ማክሰኞ ማታ፣ ልጆቹ ሳይተኙ፣ የተዋሳችሁትን ሁሉ በሩ አጠገብ ሰብስቡ፦ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ፔርሙዝ፣ ትርፍ ስኒ፣ ፍራሽ፣ የዕድር ወንበር። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ይለየው፤ እኛ ቤት ይህን የምታደርገው አማቴ ናት። ልጆች ያድርሱ። ክዳን ከድስቱ ጋር መሄዱን እዩ፤ ተለይቶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በራሳችሁ ትሪና ፔርሙዝ ሥር በጥፍር ቀለም ምልክት ብታደርጉ ለፋሲካ ፍለጋ አትገቡም።

የዕድር ዕቃ ከሁሉ ይቅደም። ቀን ካሳለፈ ቅጣት ሊኖረው ይችላል፤ ከቅጣቱ በላይ ግን ሐዘን ቀን አይመርጥም፣ ወንበሩ ዛሬ ሌሊት ለሌላ ቤት ሊፈለግ ይችላል።

ባዶ ዕቃ አትመልሱ። ለክርስቲያን ጎረቤት ከወጡም ከዳቦውም ማድረግ ይቻላል። ለሙስሊም ጎረቤት ሥጋ የነካ ነገር አይላክም። እኔ ከጎረቤቴ የምዋሰው የቡናና የዳቦ ዕቃ ብቻ ነው፤ የሥጋ ድስት አልጠይቃትም፣ እሷም እኔን አትጠይቀኝም፣ እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት በፍቅር ኖረናል። ትሪዋን ስመልስ ድፎ ዳቦ፣ ወይም ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን መንደሪንና ዘይቱን አደርግበታለሁ። ፍሪጇ ውስጥም ቢሆን የእኛን ሥጋ «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብላችሁ አታስቀምጡ። ሰው እንቢ ለማለት የሚቸገርበትን ነገር አለመጠየቅ ትልቅ አክብሮት ነው።

የሥጋው ሒሳብ

ሥጋውን ከማስቀመጣችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን አውጡ። ዘንድሮ የነነዌ ጾም ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ዓቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9። ከጥር 13 እስከ የካቲት 8 ያሉት ቀናት 26 ናቸው። ረቡዕና ዓርቡን፣ የነነዌንም ቀናት ስትቀንሱ የሚፈሰክባቸው 16 ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ለ16 ቀን የሚበቃችሁን ለዩ፤ የቀረውን ወይ ለሚያስፈልገው ስጡ ወይ ቋንጣ አድርጉት።

ለቋንጣ ጥር ድሬ ላይ ምርጥ ወር ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ንፋስም አለ። ቀይ ሥጋ ምረጡ፤ ስቡንና ጅማቱን አውጡ፣ ስብ ከቆየ ይከረፋልና። በረጅሙ ቀጠን አድርጋችሁ ዘልዝሉት። ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበላሻል። ጨውና በርበሬ፣ ካላችሁም ቁንዶ በርበሬ፣ እያንዳንዱን ዝልዝል በእጅ እያሻችሁ ቀቡት፤ ከላይ መነስነስ አይበቃም። ከዚያ ንፋስ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ በንጹሕ ሲባጎ ላይ ስቀሉት፤ አንዱ ከሌላው አይነካካ። በቀጥታ ፀሐይ ላይ አታውሉት፣ የድሬ ፀሐይ ቅርፊት ያበጅለትና ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። መድረቁን የምታውቁት አንዱን ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፤ የሚለጠጥ ከሆነ ገና ነው። ሲደርቅ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ያልበዋል።

የተረፈውን ወጥ በትልቁ ድስት እያሞቃችሁ እየመለሳችሁ አትቆዩ። ቀዝቀዝ ሲል ለአንድ ምግብ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡት፤ የወጣው እስኪፈላ ይሙቅ፣ ያው በአንድ ማዕድ ይለቅ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ሊይዝ ይችላል፣ በእኛ ሙቀት ግን ከዚያ ባነሰ ቁጠሩት። ቢሮ ሳላችሁ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ስኒ ውኃ አስረግታችሁ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ያንን ሥጋ ለማንም አትስጡ።

እንጀራው ይድረቅና ድርቆሽ ይሁን። ከቋንጣው ጋር ሲፈረፈር የልጆች የምሳ ዕቃ ነው። ዳቦውም ተቆርጦ ደርቆ ለጠዋት ሻይ ይሆናል።

ቢሮ

ረቡዕ ጠዋት ገብታችሁ ኮምፒውተር አትክፈቱ። መጀመሪያ ቢሮ ለቢሮ ዙሩ። እኛ ሚካኤልን ስናከብር፣ በገና ሰሞንም ፈቃድ ወጥተን ሳለ፣ ባለጉዳይ ሲያስተናግዱ የቆዩት ሙስሊም ባልደረቦቻችን ናቸው። ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ግቡ፣ ቡና ይፈላ፣ ሥጋ ነክ ነገር አይኑር። ቡናው ላይ እያላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን መጣ? ምን ፈልጎ? ምን ተብሎ ተመለሰ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ባልደረባችሁ የሰጠው ቃል የእናንተም ቃል ነውና። «እኔ አላልኩም» ብሎ ባለጉዳይን መመለስ የሸፈነላችሁን ሰው ማዋረድ ነው።

ቀጥሎ «ከበዓል በኋላ ና» የተባለው ሰው አለ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ቃል ሁላችንም እንናገራለን፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል። ኮሪደሩ ይሞላል፣ ሰው ይቆጣል፣ ሥራውም አይሠራም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ደብተር ላይ ስሙን፣ ጉዳዩን፣ የሚጎድለውን ሰነድ እጽፋለሁ። ከጎኑ ቀን እሰጠዋለሁ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ብዬም እለያለሁ። ከዚያ ስልክ እደውላለሁ፤ ከዋሂል፣ ከቢዮ አዋሌና ከጀልዴሳ ከሚመጡት እጀምራለሁ። ሳቢያን ያለ ሰው በባጃጅ መጥቶ ቢመለስ ያበሳጨዋል እንጂ አይጎዳውም። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ግን የመኪና ከፍሎ፣ ከብቱን ለሰው አደራ ሰጥቶ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው። ፊርማ የሚሰጠው ኃላፊ ያን ቀን መኖሩን ሳታረጋግጡ አትጥሩት። ስልክ ለሌለው በቀበሌው በኩል መልእክት ይሂድለት።

ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ ላይ በገባበት ቀን ደርድሩ እንጂ ከላይ ያገኛችሁትን አታንሡ። የመልስ ቀን የተቀመጠላቸውን ለይታችሁ ለብቻ ፋይል ውስጥ አድርጉና ኃላፊው ጠዋት እንዲመራቸው አስገቡ። በአንድ ቀን ሁሉንም ማስመራት አይቻልም፤ ቀን ያለፈባቸው ዛሬ፣ የተቀሩት ነገና ከነገ ወዲያ።

አሁን ሪፖርቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግማሹ የሚያልቀው ታኅሣሥ 30 ነው፣ በገና ማግስት። ስለዚህ የ6 ወሩ ሪፖርት ሁልጊዜ በዓል ላይ ይወድቃል። ከጽሑፉ አትጀምሩ፤ ከሠንጠረዡ ጀምሩ። ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ያልተሠራበት ምክንያት። ቁጥሩ ሳይሞላ የተጻፈ ሪፖርት በኋላ ከቁጥሩ ጋር ይጣላል። ምክንያት ላይ ደግሞ «በበዓላት መደራረብ» ብላችሁ አትጻፉ። ሐምሌ ላይ ስናቅድ ገናም ጥምቀትም የቀን መቁጠሪያው ላይ ነበሩ። እውነተኛውን ጻፉት፦ ግዥው ዘገየ፣ መደቡ ክፍት ነው፣ መኪናው ቆመ። እንዲህ ተጽፎ ሲቀርብ ቢያንስ የሚጎድለው ምን እንደሆነ የበላይ አካል ያያል።

ይህን ሁሉ ጠዋት ሥሩት። ጥር ድሬ ላይ ቀዝቀዝ የሚልበት ወር ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ እንዲህ ያለ ጠዋት አናገኝም። ከምሳ በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ያርፋል፣ ስልክም አይነሣም። ስልክና ፊርማ ለጠዋት፣ ፋይል ማስተካከል ለከሰዓት።

ልጆችና ደመወዝ

የልጆቹ ነገር አጭር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ደርሷል፣ እነሱ ግን በእንግዳ ምክንያት እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥ ለምደዋል። በአንድ ቀን አታስተኟቸው፤ በየማታው ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉ። እንግዳ ገና ካልሄደ መኝታ ክፍሉ ለልጆቹ ይመለስና እንግዳው ሳሎን ይተኛ፤ የድሬ እንግዳ ይህን ይረዳል።

የጥር ደመወዝ ሳይደርስ ዕዳውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀምጣችሁ። ዕቁብ መጀመሪያ ነው፤ የእናንተ ሳምንት ቢዘገይ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡ ይጎድልበታልና። ቀጥሎ የባለሱቁ ዱቤ። ዘይቱን፣ ዱቄቱን፣ ስኳሩን «በኋላ ትከፍላላችሁ» ብሎ ሲሰጠን እሱም ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ሁሉን መክፈል ካልቻላችሁ ደመወዝ ሳይወጣ በፊት ሄዳችሁ ንገሩት፦ «ይህን ያህል በጥር መጨረሻ፣ የቀረውን በየካቲት መጨረሻ።» በሱቁ በር ላለማለፍ መንገድ መቀየር ግን በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰውዬው ገንዘቡንም ሰላምታውንም ያጣል። የትምህርት ቤት ክፍያ ሦስተኛ። ለራሳችሁ የምትገዙት ጫማም ሆነ ከታይዋን ገበያችን የምታመጡት ዕቃ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

የጾሙ ተረኝነት

ዘንድሮ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ፣ ጨረቃዋ ከታየች ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይገባል። ግማሹ ቢሮ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ሊጾም ነው። ለበዓሉ የተሸፈነልንን የምንመልሰው ያኔ ነው፣ እንዴት እንደሚመለስ ግን አሁን መነጋገር ይሻላል።

ሰዓቱን ብታዩት ይገጣጠማል። በዓቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማስቀደስ የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። የሚያፈጥር ደግሞ ከ11 ሰዓት በፊት ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ስለዚህ በእኩለ ቀኑ ሙስሊሞቹ ባልደረቦች ወንበሩን ይያዙ፤ ከ9 ሰዓት ወዲህ ያለውን እኛ እንያዝ። በየቀኑ የሚያስቀድስ የለም፤ የሚፈልገውን ቀን አስቀድሞ ይጻፍ። የታመመና የምታጠባ እናት ከተራው ይውጡ። ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ቀኑና በየሰዓቱ ወንበሩን የሚይዘው ሰው። ነነዌ ሳይገባ፣ እስከ ጥር 24፣ ተስማሙበት፤ ኃላፊው ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፣ ባለጉዳዩም በየትኛው ሰዓት ማንን እንደሚያገኝ አንብቦ ይምጣ።