ተሸካሚ ግድግዳ ተከፍቶ አይ ቢም እንዴት ይገባል

ቤቱ በኮንክሪት ኮለንና ቢም የቆመ ከሆነ ብሎኬቱ መሙያ ብቻ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ፎቁን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ከሆነ ግን ለሱቅ በር 3 ሜትር ለመክፈት አይ ቢም፣ ማለትም የ«I» ቅርጽ ያለው ብረት፣ ማስገባት ግድ ነው።

ልኩን መሐንዲስ ያስላ። ለግምት ያህል የብረቱ ቁመት ከክፍተቱ ስፋት አንድ ሃያኛ አይነስ፤ ከላይ ፎቅ ካለ ይጨመራል። አይፒኢ 200 (ቁመቱ 20 ሳንቲም የሆነ አይ ቢም) በሜትር 22.4 ኪሎ ነው፤ በየጫፉ 20 ሳንቲም ተጨምሮ 3.40 ሜትሩ 76 ኪሎ ይመዝናል። የላይና የታች ክንፉ ስፋት 10 ሳንቲም ስለሆነ ለ20 ብሎኬት ሁለቱ ጎን ለጎን ልክ ይገባሉ። ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይገባም፤ ያንኑ ጭነት ተጋድሞ ሲሸከም ከ13 እጥፍ በላይ ይጎብጣል። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በይዶ «ያው ነው» የሚል ሠራተኛ አይሰማ።

ከመሰበሩ በፊት፣ ብረቱ ከሚገባበት በላይ ግድግዳው በየ90 ሳንቲሙ ይበሳና አጫጭር ብረት ይተላለፍበታል፤ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ የወጡት ጫፎቻቸው በፑንቴሎ (ቁመቱ በጥርስ እየዞረ በሚስተካከል የብረት ድጋፍ) ይደገፋሉ። የባህር ዛፍ ድጋፍ እዚህ አይሆንም፤ ጥርስ ስለሌለው ቀስ እያሉ ማላላት አይቻልም።

የአይ ቢሙ ጫፎች ባዶ ብሎኬት ላይ ካረፉ ብሎኬቱ ይደቅቃል። ከሥራቸው 1 ለ 2 ለ 4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) የሆነ የኮንክሪት ትራስ ይሞላና 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ከዚያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የተቀባው ብረት ይነሳል፣ ውሃ ልኩ ይታያል፣ ሁለቱ በቡሎን ይታሰራሉ።

ሥራው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በብረቱና በግድግዳው መካከል 3 ሳንቲም ያህል ክፍተት ይቀራል፤ ብዙዎች ቀጭን ማልታ (ውሃ የበዛበት የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ወርወር አድርገው ያልፋሉ። ቀጭን ማልታ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፑንቴሎው ሲነሳ ግድግዳው ያንን ክፍተት ተከትሎ ይወርድና ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል። ትክክለኛው ደረቅ ማልታ ነው፦ 1 ሲሚንቶ ለ 3 አሸዋ፣ ውሃው ጥቂት። በእጅ ሲጨመቅ እንደ ጭብጦ ይያዛል፣ መዳፍን ግን አያረጥብም። ከሁለቱም ወገን በስሱ እየገባ በእንጨትና በመዶሻ ይጠቀጠቃል፤ ድምፁ ከልፍ ልፍ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ቀጣዩ ይጨመራል።

ከ7 ቀን በኋላ ፑንቴሎዎቹ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ከመሃል ወደ ዳር ይላላሉ፤ በአንድ ቀን አንዱን ጨርሶ መንቀል አያስፈልግም። ልስን በለስላሳ ብረት ላይ አይዝም፣ አስቀድሞ የዶሮ ሽቦ ይጠምጠምበት።