ባሕር ዛፍ በወሎ፦ ከመደብ እስከ ጉቶ

ለደሴ ዙሪያ፣ ለኩታበርና ለወረኢሉ ደጋ ነጭ ባሕር ዛፍ ይስማማል። ለኮምቦልቻና ለቃሉ ሙቀትና ድርቅ የሚችለው ቀዩ ይሻላል።

ዘሩ እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ የካቲት ላይ መደብ ላይ በስሱ ዝሩት፤ አፈር ከበዛበት ሳይበቅል ይቀራል። ሁለት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወር። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለተከላ በቅቷል።

በበልግ ዝናብ አትትከሉ። የወሎ በልግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል፤ ቢመጣም ሥር ያልሰደደ ችግኝ የሰኔን ደረቅ አይወጣውም። ሐምሌ ላይ መሬቱ በደንብ ሲርስ ይተከል።

ጉድጓዱ በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት አስቀድሞ ይቆፈር። ከረጢቱን በምላጭ ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ታቹ ብቻ ተቀድዶ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እዚያው ይጠማዘዝና ዛፉ ቁመት ሲያወጣ ነፋስ ከነሥሩ ይጥለዋል። ለአጣና 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል፤ ወፍራም ቋሚ ለሚፈልግ 2 በ2። ከእርሻ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ምንጭ አጠገብ ግን ጨርሶ አይተከል፣ ውኃውን ይጠጣዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አረሙን ንቀሉ፤ ሣር የዋጠው ችግኝ ይቀጭጫል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው በቆረጣ ቀን ነው። ቀጣዩ ምርት የሚበቅለው ከጉቶው ቅርፊት ሥር ካለው እንቡጥ ስለሆነ፣ የደነዘ መጥረቢያ ቅርፊቱን ሲልጠው እንቡጡም አብሮ ይሄዳል። መጥረቢያውን ለመሳል የምታጠፉት ሰዓት ዓመታት ይመልስላችኋል። ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ቁረጡት። ቅጠልና ጭራሮ ጉቶው ላይ አትከምሩ። ቡቃያው የሰው ቁመት ሲያህል ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉትን፣ በተለይ ነፋስ በሚመጣበት በኩል የበቀሉትን፣ ትታችሁ ሌላውን አንሱ፤ በነፋሱ በኩል ያለው በቀላሉ አይገነጠልም።

የተቆረጠው እንጨት እርጥብ ሳለ ይላጥ፣ በኋላ ቅርፊቱ ይጣበቃል። ጥላ ሥር አነባብራችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ይሰነጠቃል። መሬት የሚገባውን ጫፍ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ እስኪል ድረስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።