ሞረዱ የነከሰው ቢላ

ራሴ የሠራሁት ሁለተኛው ቢላዬ በእሳት ግሎ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ጠነከረ ብዬ ነበር። ሞረድ ሳስኬድበት ግን እንደ ሳሙና ተፋቀ። መጀመሪያ ብረቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ዘይቱን። ለካ ያታለለኝ ዓይኔ ነው! ጨለማ ውስጥ ስለማግለው፣ ፈዛዛው ቅላት ፍም መስሎ ታየኝ። ገና ሳይደርስ ነው የነከርኩት።

አሁን ማግኔት አጠገቤ አለ። የካርቦን ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ትንሽ ጨምሬ አግለዋለሁ። ዘይቱንም 50 ዲግሪ ገደማ አሞቀዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም።

ዛሬ ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሄደ ሁሉ ተንሸራተተ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቢላው አሁን ምድጃ ውስጥ ነው፣ 200 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት። እንዲሁ ቢተው ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።