በድሮው ኒኮር 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፎቶ ለማንሳት

ኒኮን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣውን በእጅ ፎከስ የሚደረግ ኒኮር 20 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 (በጣም ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ) ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩት። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ግን በርካሽም ቢሆን ተዉት።

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል) ካሜራ ላይ በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ ይገጠማል። ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ አላነሳም ካለ፣ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ ከሜኑ አብሩት።

ዋናው ነገር ፎከሱ ነው። ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ መጠን ኤፍ 8 ላይ አድርጉና ርቀቱን 1.7 ሜትር አካባቢ አቁሙት፤ በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የድሮውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚያክል) ካሜራ ከ85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ በደንብ ይታያል፣ ስለዚህ ገበያ መሃል የፎከስ ቀለበት ስታዞሩ ሰዉ አልፏችሁ አይሄድም። ግን ርካሽ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ ቁመታቸው ትንሽ ስለሚያጥርና ፎከሱን ስለሚያዛቡ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ርቀት እንዳለ አትመኑት። ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ አረጋግጡና ትክክለኛውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ ጠጋ በሉ! ፎከሱን እንደገና ካስተካከላችሁ ሌንሱ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይፈቅዳል። ከፊት የሚታይ ነገር ከሌለ የሚተርፋችሁ አስፋልትና ሰማይ ብቻ ነው። ሰው ጠርዝ ላይ አታቁሙ፣ ፊቱ ይለጠጣል (አክስታችሁን እንዲህ ካነሳችሁ ፎቶውን ባታሳዩአት ይሻላል)። ሕንፃ ስታነሱ ካሜራውን ወደ ላይ ካቀናችሁት ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና ትርፉን በኋላ ቁረጡት። ፀሐይ ከፊት ከመጣች በእጅ መከለል ይቻላል፣ ጣታችሁ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።