የሄድፎን ገመድ ስትቀይሩ ድራይቨሩን እንዳታቃጥሉት

ሄድፎናችሁ ባንድ ጆሮ ብቻ እየሰራ፣ ገመዱን ጠምዘዝ ስታደርጉት ደግሞ ድምፁ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ውስጥ ያለችው ስፒከር፣ ድራይቨር የሚሏት፣ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነችም፣ ገመዱ ነው የተበጠሰው። ሚበጠሰው ደግሞ ወይ ጃኩ (ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ) አንገት ላይ ነው ወይ ገመዱ ወደ ጆሮው የሚገባበት ጋ። ጃኩ ጋ ከሆነ ተገላገላችሁ፣ ቆርጣችሁ አዲስ ጃክ መበየድ ነው፣ ጆሮውን መክፈትም አያስፈልግም። ገመዱ ሙሉ በሙሉ መቀየር ካለበት ግን ቀስ በሉ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት ሄድፎን ላይ የድሮው ሊድ (ሽቦ የሚበየድበት ቀላጭ ብረት) አልቀልጥ ሲለኝ አይረኑን (የሚግለውን መበየጃ) ተጭኜ ያዝኩት፣ ስድስት ሰባት ሰከንድ ሳይሆን አይቀርም፣ ከዛ ገመዱ የተበየደባት መዳብ ከስሯ ተላጠችና ከፀጉር የቀጠነችውን ሽቦ ይዛት ተነሳች። ያቺ ሽቦ ማግኔቱ ዙሪያ ካለው ጥቅል ወጥታ ድራይቨሩ ጀርባ ያሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ነው ምታርፈው፣ ከስሯ ከተበጠሰች በቃ ሄድፎኑ አለቀለት። ድምፅ የምታወጣው የምትርገበገበዋ ነገርም ስስ ፕላስቲክ ናት፣ ሙቀት አትችልም።

ስለዚህ እኔ አሁን የማደርገው፣ ካልተገደድኩ ድራይቨሩን ጭራሽ አልነካውም። ድራይቨሩ ላይ ያለው የድሮ ሽቦ ደህና ከሆነ ሁለት ሶስት ሴንቲ አስቀርታችሁ ቁረጡትና አዲሱን ገመድ እዛ ላይ ቀጥሉት። መገጣጠሚያው ላይ ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ)፣ ከሌለ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻው። ቅጥሎቹን ጎን ለጎን ከማድረግ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ ብታደርጓቸው ጆሮው ውስጥ ቦታ አይጠባችሁም። ገመዱ በግራ በኩል ብቻ የሚገባ ሄድፎን ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ የሚሻገረው ሽቦ አናት ላይ ባለው ቅስት ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ እሱን አትምዘዙት፣ ግራ ጆሮ ውስጥ ቀጥሉት። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ የቱ የት ነበር ብላችሁ እንዳትጨነቁ።

ሽቦዎቹ ብዙ ጊዜ ቀዩ ቀኝ፣ አረንጓዴው ወይ ሰማያዊው ግራ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ግራውንድ (ሁለቱ ጆሮዎች የሚጋሩት መመለሻ) ናቸው፣ ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፣ በቴስተር አረጋግጡ። ራቁታቸውን ይመስላሉ እንጂ ላያቸው ላይ ቫርኒሽ አለ፣ ለዛ ነው ሊድ አልይዝ የሚላችሁ። አይረኑ ጫፍ ላይ ትንሽ የሊድ ጠብታ ያዙና የሽቦውን ጫፍ እሷ ውስጥ ንከሩት፣ ቫርኒሹ ጨሶ ይለቅና ሽቦው ብር ይመስላል። ይሄን ጠረጴዛ ላይ፣ ከድራይቨሩ ርቃችሁ ጨርሱት።

ሊዱ 60/40 (60 ከመቶ ቆርቆሮ፣ 40 ከመቶ እርሳስ) ቢሆን ጥሩ ነው፣ ወደ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሊድ ፍሪ የሚባለው፣ እርሳስ የሌለበት፣ ግን ከ217 በላይ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ያስቸግራል። አይረኑ ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ ከ320 እስከ 350፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ 60 ዋቱን ተዉትና ከ25 እስከ 30 ዋት ያለውን ያዙ። የቧንቧ ሰራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለው ፔስት እንዳታስጠጉት፣ ዛሬ ይያዝላችኋል፣ ከወራት በኋላ ሽቦውን በልቶ ይጨርሰዋል።

ድራይቨሩ ላይ መበየድ ግድ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ቴፕ ሸፍኑ። ማግኔት ስለሆነ የአይረኑን ጫፍ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሳብ ያደርገዋል፣ ሳታስቡት ቀጭኗ ሽቦ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉና ከጠርዝ በኩል አምጡት። የድሮው ሊድ ላይ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሩበት፣ ቶሎ ይቀልጣል። ንኩ፣ አንድ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ፣ አንሱ። ካልሆነላችሁ አትታገሉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና እንደገና ሞክሩ። ፖዘቲቩ የመደመር ምልክት ወይ ነጥብ አለው፣ ሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ አይነት መሆን አለበት። አንዱን ገልብጣችሁ ከበየዳችሁት ሁለቱም ይሰራሉ ግን ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙ ድምፅ መሀል መሆኑ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም።

ብሉቱዝ ሄድፎን ከሆነ በመጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ የፍለክሱ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ነገር) ነው ግን ሳንባ አይወደውም። ሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ በእጅ ወደ አፍ ነው የሚገባው፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሳትከድኑት ለኩት። የጃኩ ጫፍ ግራ፣ መሀሉ ቀኝ፣ ወደ ፕላስቲኩ የተጠጋው ግራውንድ ነው፣ ይሄ ማይክ ለሌለው ጃክ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና ከግራውንድ ወደ ሁለቱም ለኩ፣ ጆሮው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ብዙ የማይርቅ ነገር ማሳየት አለበት፣ 32 ኦም ከሆነ ሰላሳ አካባቢ፣ እንደ ሶኒ ኤምዲአር 7506 ያለው 63 ኦም ከሆነ ስልሳ አካባቢ። ስትነኩት ከጆሮው ውስጥ ቀጭን ጭርጭር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ድራይቨሩ በህይወት አለ። ዜሮ ካሳየ የሆነ ቦታ ተነካክቷል፣ ምንም ካላሳየ አልተያዘም።

ገመዱ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ቋጠሮ አድርጉለት፣ ሲጎተት ቋጠሮው ይያዘው እንጂ ብየዳው አይያዘው። እና ደግሞ ጃኩን ከመበየዳችሁ በፊት የጃኩን ክዳን ገመዱ ላይ አስገቡ፣ እኔ ሁለቴ ረስቼ ምርጥ ብየዳዬን መልሼ አፍርሻለሁ።